ስኖርክል ካስገጠማችሁ በኋላ የሞተሩ ትንፋሽ በየት ይውጣ? ለወሎ መንገድ አማራጮቹ ሲነጻጸሩ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ጋራዥ ገብቶ ስኖርክል፣ ማለትም ሞተሩ አየር የሚስብበትን አፍ ወደ ጣሪያ ከፍ የሚያደርግ ቱቦ፣ የሚያስገጥም ሰው ጥያቄው ይታወቃል። ስንት ያስከፍላል? የትኛው ፊልትሮ ይሻላል? ፓራፋንጎው ሲበሳ አያስጠላም? ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ክዳን ተነስታ ወደ አየር ቱቦው የምትገባውን የጎማ ቱቦ ግን ማንም አያነሳትም። የፋብሪካው ቱቦ ሲወልቅ እሷም ትነቀልና ተንጠልጥላ ትቀራለች።

አዲሱ ቱቦ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለእሷ የሚሆን አፍ የለም። መካኒኩ "አብሽር፣ ይቺ ችግር የላትም" ይላል። ከዚያ ወይ በቡሎን ይደፍናታል፣ ወይ ጫፏ ላይ ትንሽ ፊልትሮ ይሰካባታል፣ ወይ ወደ ታች ይለቃታል። ሦስቱ ነገሮች ውጤታቸው በጣም ይለያያል። አንደኛው ሞተር ያስወርዳል።

ስኖርክል ያለው መኪና ውሃና አቧራ የሚችለው በስኖርክሉ ቁመት ልክ አይደለም። ክፍት በሆነው በዝቅተኛው ቀዳዳ ልክ ነው። ስለዚህ ፊልትሮ ከመምረጣችሁ በፊት የሞተሩ ትንፋሽ በየት እንደሚሄድ ወስኑ።

ጎማዋ ምን ትሠራለች?

የፒስተን ፋሻ፣ ፒስተኑን የከበበው የብረት ቀለበት፣ አዲስም ቢሆን ጋዝን ሙሉ በሙሉ አያግድም። ነዳጁ ሲቃጠል ጥቂቱ ጋዝ በፋሻው በኩል አምልጦ ወደ ሞተሩ ሆድ፣ ወደ ክራንክ ኬዙ፣ ይወርዳል። ይህ ጋዝ ያልተቃጠለ ነዳጅ፣ ጥላሸት፣ የውሃ እንፋሎትና አሲድ የሚሆን ነገር አለበት። እዚያ ሲደርስ ደግሞ እንደ ጉም የተረጨ ዘይት ይቀላቀለዋል።

መውጫ ካጣ ግፊት ይሆናል። ግፊት ደግሞ ደካማ ቦታ ፈልጎ ይወጣል። በክራንክ ሻፍቱ የኋላ ኦይል ሲል (ዘይት ማገጃ)፣ በቴስታታው ክዳን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ አንዳንዴም የዘይት መለኪያውን ዘንግ ገፍቶ።

ቱርቦ፣ ማለትም አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋ ዕቃ፣ ያለው ሞተር ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ቱርቦውን ያለሰለሰው ዘይት ወደ ሞተሩ የሚመለሰው በራሱ ክብደት እየወረደ ነው። ሆዱ ውስጥ ግፊት ካለ ዘይቱ መውረድ ያቅተዋል። በቱርቦው ሲል በኩል ያፈስና መኪናው ሰማያዊ ጭስ መትፋት ይጀምራል። ባለቤቱ ተደናግጦ ቱርቦ ይቀይራል። ጥፋቱ ግን የተደፈነችው ጎማ ነበር።

ቤንዚንና ናፍጣ አንድ አይደሉም

ይህን ሳይለዩ ምክር መስማት ገንዘብ ያስበላል።

የናፍጣ ሞተሮች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጎማ ብቻ አላቸው። ከቴስታታው ክዳን ይነሳና ከፊልትሮው በኋላ ወዳለው ቱቦ ይገባል። በሀርድቶፕ ላንድክሩዘሮች ላይ የምናውቀው ቱርቦ የሌለው 4.2 ሊትር 1ኤችዜድ እንዲህ ነው። ባለ 3.0 እና ባለ 2.5 ሊትሮቹ የሃይሉክስና የፕራዶ ቱርቦ ሞተሮችም እንደዚሁ፤ ጎማቸው በፊልትሮውና በቱርቦው መካከል ይገባል።

ቤንዚን ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ፒሲቪ በሚባል ቫልቭ አልፎ አየሩን ለሲሊንደሮቹ ወደሚያከፋፍለው ኢንቴክ ማኒፎልድ ይሄዳል። ማኒፎልዱ እየሳበ ጋዙን ያወጣዋል። ሁለተኛው ጎማ ከፊልትሮው በኋላ ካለው ቱቦ ንጹሕ አየር ወደ ሞተሩ ሆድ ያስገባል። ሞተሩ ሲበረታበት ደግሞ በዚሁ ጎማ ጋዝ ተመልሶ ይወጣል። አየር የሚለካ ሴንሰር ባላቸው እንደ 2.7 ሊትሩ 2ቲአር ባሉ ሞተሮች ላይ ይህ ጎማ የሚገባው ከሴንሰሩ በኋላ ነው። ኮምፒውተሩ ያልቆጠረው አየር ሲገባ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ይዋዥቃል፣ የሞተር መብራትም ይበራል።

ስኖርክል ሲገጠም የሚነካው ይህ ሁለተኛው ጎማ ነው። የፒሲቪውን መንገድ ማንም እንዲነካባችሁ አትፍቀዱ።

በምን መስፈርት እንመዝን?

የሌላ አገር ምክር ብዙ ጊዜ ስለ መኪና ውድድር ነው። የእኛ ጉዳይ ሌላ ነው። እኔ በአምስት ነገር እመዝናለሁ።

የመጀመሪያው አቧራ ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ በቆቦ ሜዳ ጠጠር መንገድ ላይ ከሌላ መኪና ኋላ የነዳ ያውቀዋል። ከፊልትሮው በኋላ ያለ የጣት ውፍረት ቀዳዳ ፊልትሮውን ዋጋ ያሳጣዋል። ደቃቅ አቧራ ሲሊንደሩንና ፋሻውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃቸዋል።

ሁለተኛው ውሃ ነው። ጎሊና፣ ሆርማትና አላ ውሃ በበጋ አሸዋና ድንጋይ ይመስላሉ። ከላይ ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ደራሽ ይመጣል። የሞላ ወንዝ ውስጥ መግባት ጀግንነት አይደለም፣ መጠበቅ ይሻላል። ሆኖም ጎደለ ብላችሁ የገባችሁበት ውሃም ቢሆን መከላከያው ላይ ተጋጭቶ ኮፈን ሥር ይረጫል።

ሦስተኛው ጭነትና ዳገት። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሐረጎን ተጭኖ መውጣት፣ ከበሽሎ ሸለቆ ወደ ደላንታ መውጣት ለሞተር ረጅም ፈተና ነው። በፋሻው በኩል የሚያመልጠው ጋዝ የሚበዛውም እንዲህ ሞተሩ በሙሉ ኃይል ሲሠራ ነው። መውጫው ያኔ መጥበብ የለበትም። ቁልቁለቱ ደግሞ የቤንዚኑ ጉዳይ ነው። እግር ከነዳጅ ሲነሳ ማኒፎልዱ አጥብቆ ይስባል፣ ፒሲቪው ካረጀ ዘይት ይጎትታል።

አራተኛው ቅዝቃዜ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ጉጉፍቱ ደግሞ ከእሷም ይበርዳል። አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ ሞተር በደንብ ስለማይሞቅ የውሃ እንፋሎቱ ሳይተን ይቀራል። የዘይት ክዳኑን ስትከፍቱ የምታዩት ቡናማ ወተት የመሰለ ነገር ከዚያ ነው። ብዙ ሰው "ጓርኒሲዮን ተቃጠለ" ብሎ ይደነግጣል። የራዲያተር ውሃ ካልጎደለና ሞተሩ ካልጋለ፣ ረጅም መንገድ ነድታችሁ እዩት። ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

አምስተኛው ጥገና። ማን ያጸዳዋል? ጎማው ሲቀደድ ወልዲያ ወይም መርሳ ላይ የሚተካ ነገር ይገኛል ወይ?

አማራጭ አንድ፦ የፋብሪካውን መንገድ አዲሱ ቱቦ ላይ መድገም

አዲሱ ቱቦ ላይ አፍ ይሠራለታል፣ ጎማዋም እንደ ቀድሞው ከፊልትሮ በኋላ ትገባለች። በቃ፣ ይኸው ነው። አቧራ አይገባም። ውሃ የሚገባው ስኖርክሉ ራሱ ከተዋጠ ብቻ ነው። ጋዙም ተመልሶ ይቃጠላል። የጋዝ ሽታ ወደ ጋቢና አይመጣም።

ጉድለቱ የዘይት ጉሙ ነው። ቱርቦ ባለው መኪና ላይ ዘይቱ በቱቦውና ቱርቦው የገፋውን አየር በሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ውስጥ ይጠራቀማል። ጥቂት እርጥበት ጤናማ ነው፣ አትጨነቁ። ቱቦው ሲነቀል ዘይት የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ምክንያት አለው። ወይ ፋሻው አልቋል፣ ወይ ፊልትሮው ተዘግቶ ሞተሩ በጎማዋ በኩል ከሚገባው በላይ እየሳበ ነው፣ ወይ ዘይት ከልክ በላይ ተሞልቷል። የመጨረሻው የተለመደ ነው። "ትንሽ ቢበዛ ምን አለበት" እየተባለ ከላይኛው ምልክት በላይ ይሞላል። መኪናው ዳገት ላይ ሲያዘነብል ያ ትርፍ ዘይት በጎማዋ ይሄዳል።

አሠራሩ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አፉ ሲበሳ ቱቦው ከመኪናው ወልቆ ይሁን። ተገጥሞ እንዳለ የሚበሳ መካኒክ ካያችሁ አስቁሙት፣ የብረቱ ፍቅፋቂ በቀጥታ ቱርቦው ውስጥ ይገባል። አፉ የፋብሪካው ያህል ስፋት ይኑረው። ቱርቦ ካለ ከቱርቦው በፊት እንጂ በኋላ አይሁን። በኋላ ከሆነ ቱርቦው የሚገፋው አየር ወደ ሞተሩ ሆድ ይገባል።

አማራጭ ሁለት፦ መሃል ላይ የዘይት መያዣ ጣሳ

መንገዱ ከአማራጭ አንድ ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ ጋዙ ወደ አየር ቱቦው ከመመለሱ በፊት በጣሳ ውስጥ ማለፉ ነው። ዘይቱና ውሃው ጣሳው ውስጥ ይቀራሉ፣ ጋዙ ይቀጥላል። በጋራዥ ካች ካን ሲባል ትሰሙታላችሁ።

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ገበያው ላይ ያለው ግን ግማሹ ቀልድ ነው። ውስጡ ባዶ የሆነ የሚያብረቀርቅ ጣሳ ዘይት አይለይም፤ ጉሙ በአንዱ አፍ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ውስጡ ጋዙን የሚያጋጭና የሚያዞር ግድግዳ ወይም የሽቦ ወንፊት ያስፈልገዋል። ስትገዙ ክዳኑን አስከፍታችሁ እዩ። የዕቃ መፈተጊያ ሽቦ ጠቅጥቆ የሚሸጥም አለ። የሚበጣጠስ ከሆነ ስባሪው ቱርቦው ጋ ይደርሳል።

ሁለተኛው ወጥመድ የአፉ ስፋት ነው። የፋብሪካው ጎማ የውስጥ ስፋቱ 19 ሚሊ ሜትር ሆኖ ጣሳው ባለ 10 ሚሊ ሜትር አፍ ከሆነ፣ መተላለፊያው ወደ ሩብ ገደማ ወርዷል ማለት ነው። ከላይ ያልነው የግፊት ጣጣ ሁሉ ይመጣል። ለአየር ኮምፕሬሰር የሚሠራውን ውሃ መለያ እዚህ የሚገጥሙም የሚወድቁት በዚሁ ነው።

ቦታው ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) እና ከቱርቦው ይራቅ። ዘይት የሚለየው ሲቀዘቅዝ ነው፤ በጋለ ቦታ የተገጠመ ጣሳ ሥራ አይሠራም፣ ቢያፈስም እሳት ይጋብዛል። ወደ ጣሳው የሚሄደው ጎማ መሃል ላይ አይርገብ። በረገበበት ውሃ ይተኛል፣ የጉጉፍቱ ውርጭ ደግሞ ያንን ውሃ በረዶ አድርጎ መንገዱን ሊዘጋው ይችላል።

ጣሳው ይደፋ እንጂ። መጀመሪያ 1,000 ኪሎ ሜትር ላይ ክፈቱና ስንት እንደያዘ እዩ፣ ከዚያ የራሳችሁን ጊዜ ወስኑ። በክረምት ደጋ ላይ ቶሎ ይሞላል። ሞልቶ የተረሳ ጣሳ ከነጭራሹ ከሌለ ይብሳል። ናፍጣ ሞተር በአንዴ ብዙ ዘይት ከሳበ ዘይቱን እንደ ነዳጅ እያቃጠለ ቁልፍ ቢዘጋም አልቆም ሊል ይችላል። የተጠራቀመውን ወደ ሞተሩ መልሳችሁ አትጨምሩ፣ ውሃና አሲድ አለበት። ቦርከና ውስጥም አትድፉት።

አማራጭ ሦስት፦ ክዳኑ ላይ ትንሽ ፊልትሮ

በጣም የሚሸጠው ይህ ነው። ርካሽ ነው፣ በአምስት ደቂቃ ይገጠማል፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ያምራል። ለወሎ መንገድ ግን አልመክረውም።

ከሞተሩ የሚወጣው የዘይት ጉም ፊልትሮዋን ያርሳታል። እርጥብ ፊልትሮ ላይ የቆቦ አቧራ ሲያርፍ ጭቃ ይሆናል። ጭቃው ሲደርቅ መውጫው ተደፈነ። ውሃ ስትሻገሩ ደግሞ ፊልትሮዋ ኮፈን ሥር ናት፤ የስኖርክሉ ገንዘብ ከንቱ ሆነ ማለት ነው። ጋዙ ኮፈን ሥር ስለሚቀር በማሞቂያው በኩል ወደ ጋቢና ይሸታል፣ ልጆች የሚጫኑበት መኪና ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቤንዚን ላይ የባሰ ነው። ፒሲቪው እየሳበ ስለሆነ ትንሿ ፊልትሮ አየር ታስገባለች። ትልቁ ፊልትሮ ያላጣራውን፣ ሴንሰሩም ያልቆጠረውን አየር።

የምትስማማው መኪና ካለ አስፋልት ላይ ብቻ የሚሄድ ነው። እሱ ደግሞ ስኖርክል ምን ያደርግለታል?

አማራጭ አራት፦ ረጅም ጎማ ወደ ውጭ

ይህ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፒሲቪ ከመስፋፋቱ በፊት መኪኖች የሚተነፍሱት ወደ መሬት በተለቀቀ ቱቦ ነበር። አሠራሩ የሚመካው በንፋስ ነው። መኪናው ሲሮጥ ከሥር የሚያልፈው አየር ጋዙን ይስበዋል። በአንደኛ ማርሽ ዳገት ስትወጡ ግን ንፋስ የለም፣ ጋዙ ግን ያኔ ነው የሚበዛው።

ወደ ታች የተለቀቀ ጎማ ወንዝ ውስጥ ጫፉ ይጠልቃል። ሞተሩ እየሠራ ከሆነ አረፋ እየነፋ ሊያልፍ ይችላል። ከጠፋ ግን ሆዱ ውስጥ ያለው ትኩስ ጋዝ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰብና ውሃ ይስባል። ውሃ የገባበት የሞተር ዘይት ሳይቀየር አንድ ኪሎ ሜትርም አይነዳም።

ወደ ላይ፣ ስኖርክሉን ተከትሎ የወጣ ጎማ ይሻላል። ጫፉ ወደ ታች ታጥፎ ፊልትሮ ይደረግበታል። ቱርቦ ለሌለው አሮጌ ናፍጣ ይህን መቀበል ይቻላል። ፋሻው ደከም ያለና ዘይት የሚተፋ ሞተር ከሆነ ደግሞ ዘይቱ ወደ አየር መግቢያው እንዳይመለስ ያደርጋል። ቤንዚን ላይ ግን አይሞከርም።

በየትኛውም መንገድ ጎማዋን ከአየር ቱቦው ካራቃችሁ፣ ቱቦው ላይ የቀረው አፍ በደንብ መደፈኑን በእጃችሁ ዳብሱ። በጨርቅና በፕላስተር የተጠቀለለ አፍ አይታመንም።

የሞተሩን ጎማ በቡሎን መድፈንን እንደ አማራጭ አልቆጠርኩትም።

በአጭሩ

| አማራጭ | አቧራ | ውሃ | በዳገት ግፊት ማውጣት | ዘይት ወደ አየር ቱቦ | ወጪ | ክትትል |
|---|---|---|---|---|---|---|
| የፋብሪካው መንገድ | ጥሩ | ጥሩ | ጥሩ | ይገባል | ዝቅተኛ | ጥቂት |
| ጣሳ በመሃል | ጥሩ | ጥሩ | አፉ ሰፊ ከሆነ ጥሩ | ይቀንሳል | ከፍተኛ | ብዙ |
| ትንሽ ፊልትሮ | መጥፎ | መጥፎ | እስክትደፈን ጥሩ | አይገባም | ዝቅተኛ | ብዙ |
| ጎማ ወደ ታች | መካከለኛ | መጥፎ | መካከለኛ | አይገባም | በጣም ዝቅተኛ | ጥቂት |
| ጎማ ወደ ላይ | መካከለኛ | ጥሩ | መካከለኛ | አይገባም | ዝቅተኛ | መካከለኛ |

ለማን የትኛው?

ቱርቦ የሌለው ላንድክሩዘር ላላችሁ፣ አማራጭ አንድ። ገንዘቡን ለጥሩ ጎማና ለጥሩ ፋሸታ (የጎማ ማጥበቂያ) አውሉት። ጎማው ዘይት የሚችል መሆን አለበት። የአትክልት ማጠጫ ወይም የራዲያተር ጎማ በዘይት ያብጣል፣ ይልማል፣ በመጨረሻም በስበት ተጣብቆ ይዘጋል።

ቱርቦ ያለው ሃይሉክስ ወይም ፕራዶ ይዛችሁ ጭነት የምታመላልሱ ከሆነ፣ ጣሳውን እየከፈተ የሚደፋ ሰው ካለ አማራጭ ሁለት። መኪናው የመሥሪያ ቤት ሆኖ ሹፌር የሚቀያየርበት ከሆነ ጣሳውን ተዉት። የሁሉም የሆነ ጣሳ የማንም አይደለም፣ አማራጭ አንድ ይበቃል።

ቤንዚን ለምትነዱ ሁሉ አማራጭ አንድ፣ ከአዲስ ፒሲቪ ቫልቭ ጋር። ቫልቩ ትንሽ ዕቃ ነው፣ ሲነቀነቅ ካልተንኳኳ ተጣብቋልና ቀይሩት።

በጀት ለሌለው፣ ከቆሻሻ ርካሽ ጣሳ ይልቅ ብየዳ የሚያውቅ ሰው ፈልጎ አዲሱ ቱቦ ላይ አፍ ማስበየድ ይሻላል። የፋብሪካው አፍ ያለበትን የድሮ ቱቦ ቆርጦ መቀጠልም ይቻላል።

አሮጌ ሞተር ላላችሁ ደግሞ ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ እየሠራ የዘይት መጨመሪያውን ክዳን ፈታችሁ ቀዳዳው ላይ ገልብጣችሁ አስቀምጡት። ዘይት ሊረጭ ስለሚችል ፊታችሁን አርቁ። ናፍጣ ላይ ትንሽ መንቀጥቀጥ ያለ ነው። እየዘለለ የሚወድቅ ከሆነ ግን ጋዙ በዝቷል። መጀመሪያ ጎማዋ አለመዘጋቷን አረጋግጡ። ክፍት ሆና ክዳኑ አሁንም ከዘለለ የሲሊንደሮቹን ኮምፕሬሽን አስለኩ። ፋሻ ያለቀበት ሞተር ላይ የሚገጠም ጣሳ በየሳምንቱ ይሞላል እንጂ ሞተሩን አያድነውም። ለስኖርክሉ የያዛችሁትን ገንዘብ ወደ ፋሻው አዙሩት።